ከንቲባ እንጂ ነዋሪ ያልነበራት ከተማ

በካናዳ ምዕራብ ዳርቻ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በምትባለው ግዛት ውስጥ፣ ጃምቦ በሚባል ሸለቆ ሊሠራ ለታሰበ የበረዶ ሸርተቴ ሪዞርት ሲባል በ2013 አንድ ማዘጋጃ ቤት ተቋቋመ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በሌላ የቆጠርኩበት ቦታ ካለ እናገራለሁ።) ማዘጋጃ ቤቱ ከንቲባ ነበረው። ሁለት የምክር ቤት አባላት ነበሩት። በጀት ያጸድቅ፣ ስብሰባ ይቀመጥ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዝ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው። በከተማዋ ወሰን ውስጥ አንድም ነዋሪ አልነበረም። ሱቅ አልነበረም፣ ትምህርት ቤት አልነበረም፣ ጭስ የሚወጣበት ጣሪያ አልነበረም። የነበረው ተራራ፣ ደን፣ የበረዶ ግግርና ድብ ነው።

ከንቲባውንና አባላቱን የመረጣቸው ሕዝብ አይደለም። ሊሆንም አይችልም፣ መራጭ የለማ። የሾማቸው የግዛቷ መንግሥት ነው።

መጀመሪያ ሳነበው በትክክል የገባኝ ስላልመሰለኝ ሁለቴ ደገምኩት። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ከሥሩ መከታተል ጀመርኩ። ባለሀብት መንግሥትን እንዴት ይጫናል፣ መንግሥትስ ነገር እንዴት ይደብቃል ሲባል ቶሎ የሚታየን ፖስታ ውስጥ የተሸጎጠ ጉቦና የተቆለፈ መሳቢያ ነው። የጃምቦ ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። ጉቦ ተሰጠ ብሎ የፈረደ ፍርድ ቤት የለም። ትልልቆቹ ውሳኔዎች በይፋ የተነገሩ ናቸው። እንዲያም ሆኖ የአካባቢው ሰው ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ውሳኔው ከሚሰጥበት ክፍል ውጭ ቆሞ ቀረ። በር ዘግተው ሳይሆን በሩን ከቦታ ቦታ እያዛወሩ ነው ያስቀሩት።

ቦታው ጃምቦ ሸለቆ ይባላል። ፐርሰል በሚባሉት ተራሮች መሀል፣ ኢንቨርሚር ከምትባል ትንሽ ከተማ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ይገኛል። ካልጋሪ ያላችሁ ወገኖች አቅጣጫው አይጠፋችሁም። ከእናንተ እስከ ኢንቨርሚር በመኪና ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ወደ ራዲየም ፍል ውኃ የሚወርደው ሰው የሚሄደው በዚያው በኩል ነው። ከኢንቨርሚር ወደ ሸለቆው ሲኬድ መጀመሪያ ፓኖራማ የሚባል ሌላ የበረዶ ሸርተቴ ሪዞርት ይገኛል። እሱን ሲያልፉ መንገዱ ይጠብባል፣ ደኑ ይከብዳል።

በ1991 ኦቤርቶ ኦቤርቲ የሚባል የቫንኩቨር አርክቴክት ሀሳብ ይዞ ብቅ አለ። ሀሳቡ ትንሽ አልነበረም። በክረምት ብቻ ሳይሆን በበጋም የበረዶ ግግር ላይ የሚንሸራተቱበት፣ በተንጠልጣይ የገመድ መጓጓዣ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ የሚወጡበት፣ በአውሮፓ አልፕስ ተራሮች ላይ እንዳሉት ዓይነት ሪዞርት ነው። ዕቅዱ ተጣርቶ ሲያልቅ ከ5,500 በላይ አልጋ፣ ሃያ ያህል የተንሸራታች ማመላለሻ ገመድና 6,000 ሄክታር የሚጠጋ የመዝናኛ ክልል ይዞ ወጣ። ወጪው ወደ 1 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ተገመተ።

እዚህ ላይ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ካልገባን የቀረው አይገባንም። ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ መሬት 94 በመቶ ገደማው የመንግሥት ነው። ግዛቷ ደግሞ ለበረዶ ሸርተቴ ሪዞርቶች የተለየ ፖሊሲ አላት። አልሚው የማመላለሻ ገመድ ሲተክል በዚያ ልክ አልጋ የመገንባት መብት ያገኛል። አልጋውን የሚገነባበትን የተራራውን ግርጌ መሬት ደግሞ ደረጃ በደረጃ ከመንግሥት እየገዛ ቤት፣ አፓርታማና ሆቴል ሠርቶ ይሸጥበታል። በረዶው ሰውን ያመጣል፤ ትልቁ ትርፍ ያለው ግን ቤቱ ላይ ነው። ትናንት ዋጋ ያልነበረው ደን፣ ሚኒስትር ሲፈርምበት ዋጋው ሰማይ ይነካል ማለት ነው። ሀብቱን የሚፈጥረው ፊርማ ከሆነ፣ ፊርማው እስኪመጣ ሃያ ዓመት መጠበቅ ያዋጣል። ሃያ ዓመት መጠበቅ የሚችለው ግን ደጅ መጥናትን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ነው። መምህሯ፣ አናጢው፣ ጡረተኛው ሃያ ዓመት ስብሰባ ሊመላለሱ አይችሉም።

እኔ እንደማየው የአልሚ ጉልበት ዋናው ምንጭ ይሄ ነው። መንግሥት ይቀየራል፣ ሚኒስትር ይነሳል፣ ባለሙያ ጡረታ ይወጣል። አልሚው ግን ያው ነው። ፋይሉን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ ቢሮዎቹን ያውቃል፣ አዲስ ሹም ሲመጣ ቀድሞ የሚያስረዳው እሱ ነው። ቀድሞ ያስረዳ ሰው ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ከ1995 ጀምሮ ወደ አሥር ዓመት ፈጀ። ሕዝቡ አስተያየት ስጥ ሲባል ሰጠ። በሺዎች የሚቆጠር ጽሑፍ ገባ፤ አብዛኛውም ተቃውሞ ነበር። ተቃውሞው ደግሞ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ያነሳው አልነበረም። ግሪዝሊ ድብ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መተላለፊያ ነው ያሉ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ነበሩበት። በሄሊኮፕተር ተንሸራታች እያመላለሱ የሚተዳደሩ ነጋዴዎች ነበሩበት። አዳኞች ነበሩበት። ልማት ጠላቸው ተብለው የሚታለፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ከበረዶ ሸርተቴ እንጀራ የሚበሉ ናቸው።

ደጋፊዎችም ነበሩ፤ እነሱን መዝለል ተገቢ አይሆንም። ሸለቆው ድሮ እንጨት ተቆርጦበታል፣ ለሪዞርቱ የታሰበውም ቦታ የቀድሞ የእንጨት መሰንጠቂያ የነበረበት ነው፣ ስለዚህ ያልተነካ ዱር አይደለም ይሉ ነበር። ሥራ ይመጣል የሚሉም ነበሩ። በአቅራቢያው የሚኖር ሹስዋፕ የተባለ የነባር ሕዝብ ማኅበረሰብም ፕሮጀክቱን ደግፏል። ይህ ሁሉ በግልጽ ሊከራከሩበት የሚገባ ሀሳብ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሰዎች መደገፋቸው አይደለም። ክርክሩ ሚዛን ወደሚደፋበት መድረክ እንዲደርስ አለመፈቀዱ ነው።

ኦክቶበር 12 ቀን 2004 የአካባቢ ፈቃዱ ተሰጠ። ከ190 በላይ ቅድመ ሁኔታዎች ተያይዘውበታል። አምስት ዓመት ውስጥ ሥራው በበቂ ሁኔታ ካልተጀመረ ይቃጠላል። አልተጀመረም። በ2009 ለአምስት ዓመት ተራዘመ። ሕጉ የሚፈቅደው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ማራዘም ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ በሩ እንሂድ።

በሕጉ መሠረት የመሬት አጠቃቀሙን የመወሰን ሥልጣን የነበረው ኢስት ኩትኔይ የሚባለው የአካባቢው ዲስትሪክት ቦርድ ነው። የቦርዱ አባላት ከአካባቢው ከተሞችና መንደሮች ተመርጠው የመጡ ሰዎች ናቸው። ሪዞርቱ እንዲሠራ ቦርዱ የመሬቱን አጠቃቀም መቀየር ነበረበት። ለዚያ ደግሞ የሕዝብ መስሚያ መድረክ መጥራት ግድ ነው። ሰው ተነስቶ፣ ማይክ ይዞ፣ ነገ ድምፁን የሚፈልገውን ተመራጭ ዓይን ዓይኑን እያየ የሚናገርበት መድረክ ማለት ነው።

በኦገስት 2009 ቦርዱ ተሰበሰበና ድምፅ ሰጠ። ውጤቱ 8 ለ 7 ሆነ። የወሰነው ግን ሪዞርቱ ይሠራ ወይም አይሠራ ብሎ አልነበረም። ጉዳዩን የግዛቷ መንግሥት ራሱ ይያዘው፣ ቦታውንም የተራራ ሪዞርት ማዘጋጃ ቤት አድርጎ ያቋቁመው ብሎ ነው የጠየቀው። በአንድ ድምፅ ልዩነት የአካባቢው ሰው የመጨረሻ ቃል ከአካባቢው ወጣ። ውሳኔው የአልሚውን ጥያቄ አጸደቀ እንዳይባል አላጸደቀም። ወደ ሌላ ቢሮ ነው ያሻገረው። ለእኔ ከሃያ ዓመቱ ታሪክ ውስጥ ወሳኟ ቀን እሷ ናት፤ ያን ጊዜ ግን ከአካባቢው ጋዜጦች አልፎ ብዙ አልተወራላትም።

ሁለተኛው እርምጃ ከዚህ የባሰ ነው። ሰው በሌለበት ማዘጋጃ ቤት ማቋቋም በነበረው ሕግ አይመችም ነበር። ስለዚህ በ2012 የግዛቷ ምክር ቤት የአካባቢ አስተዳደር ሕጉን አሻሻለ። ማሻሻያው ግን ለብቻው አልቀረበም። የተለያዩ ሕጎችን በአንድ ጥቅል በሚያሻሽል ረቂቅ ውስጥ ተካትቶ ነው ያለፈው። በዚያው ዓመት በማርች ሚኒስትር ስቲቭ ቶምሰን ዋናውን የልማት ስምምነት አጽድቀው ነበር። በኖቬምበር ማዘጋጃ ቤቱ እንደሚቋቋም ታወጀ። ያወጁት የፕሮጀክቱ የቆየ ደጋፊና የጎረቤት ምርጫ ክልል ተመራጭ የሆኑት ሚኒስትር ቢል ቤኔት ነበሩ። ከፌብሩዋሪ 2013 ጀምሮ ከተማዋ በሕግ ፊት ሕያው ሆነች።

ጥቅል ረቂቅ የሚባለውን ዘዴ ሰው እንደ ምስጢር አይቆጥረውም፤ ወረቀቱ የታተመ ነውና። ነገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ መቶ ሌሎች አንቀጾች መሀል ሲቀመጥ፣ ማንም አልከለከለህም፣ ማንም ደግሞ አላሳየህም። መሳቢያው ክፍት ነው። ችግሩ መሳቢያዎቹ መቶ መሆናቸው ላይ ነው።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምኖርበት ሰፈር አጠገብ ያለ ክፍት ቦታ በቆርቆሮ ታጠረ። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ነበር። ምን ሊሠራበት እንደሆነ ልጠይቅ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ትሁት ነበረች። "ጋሼ፣ ስብሰባ ተጠርቶ ነበርኮ፤ ማስታወቂያ ለጥፈናል" አለችኝና ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ጠቆመችኝ። ሄጄ አየሁት። እውነት ነው፣ ተለጥፏል። በመስታወት ሰሌዳ ውስጥ፣ ከጨረታ ማስታወቂያና ከሥራ ቅጥር ውጤት ሥር፣ ግማሹ በሌላ ወረቀት ተሸፍኖ። ስብሰባው የተደረገው ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ባለበት። እኔ የሄድኩት በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ዕቅዱን ማየት እችል እንደሆነ ስጠይቃት "ለምን ፈለጉት?" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ሰው ዕቅድ ለማየት ምክንያት ያስፈልገዋል ብላ ከልቧ ታምን ስለነበር ነው።

የጃምቦን ሰነዶች ሳነብ ያቺ "ለምን ፈለጉት" ጆሮዬ ላይ ታቃጭል ነበር።

ብሪቲሽ ኮሎምቢያ መረጃ የማግኘት ሕግ ካወጣች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው። ሦስት ሰፋፊ ቀዳዳዎች ግን አሉት። የካቢኔ ምክክር ከሆነ አይሰጥም። ባለሙያ ለሚኒስትር የሰጠው ምክር ከሆነ ሊከለከል ይችላል። የሦስተኛ ወገን የንግድ ምስጢር ከሆነ አይሰጥም። አንድ ሪዞርት ሲታሰብ ከአልሚው ጋር የሚደረገው ንግግር በአብዛኛው በእነዚህ ሦስት ጥላዎች ሥር ይወድቃል። የዋጋ ድርድሩ የንግድ ምስጢር ነው። የባለሙያው ስጋት ምክር ነው። የሚኒስትሮቹ ክርክር የካቢኔ ነው። ለሕዝብ የሚቀረው የተፈረመው ወረቀት ነው። ውጤቱን ታያለህ፤ እንዴት እንደተደረሰበት አታይም።

ሕጉ የሚሰጠውም ቢሆን ወረቀቱ ካለ ነው። በኦክቶበር 2015 የግዛቷ የመረጃ ኮሚሽነር ኤልዛቤት ደንሃም አንድ ከባድ ሪፖርት አወጡ። ጉዳዩ ጃምቦ አልነበረም። በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ስለጠፉና ስለተገደሉ ሴቶች የቀረበ የመረጃ ጥያቄ ነበር። ነገር ግን መንግሥቱ ያው የጃምቦን ስምምነት የፈረመው መንግሥት ነው። ሪፖርቱ የሚኒስቴር ሠራተኞች ኢሜይል እስከ መጨረሻው እንዳይገኝ አድርገው ይሰርዙ እንደነበር አጋለጠ። ሦስት ጊዜ ማጥፋት ይሉታል። አንደኛ ከመልእክት ሳጥኑ፣ ሁለተኛ ከቆሻሻ መጣያው፣ ሦስተኛ ከመጠባበቂያው። አንድ የሚኒስትር ረዳት በመሐላ ዋሽቶ በገንዘብ ተቀጣ። ባለሥልጣን የጻፈውን እንዲህ የሚያጠፋ ከሆነ የመረጃ ሕጉ ለማን ይሠራል?

የገንዘቡም ነገር አለ። እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ በዚያች ግዛት ኩባንያዎች ለፖለቲካ ፓርቲ የሚሰጡት ገንዘብ ጣሪያ አልነበረውም። የፈለገ የፈለገውን ይሰጣል። ኒው ዮርክ ታይምስ በጃንዋሪ 2017 ይህንኑ ለዓለም ሲዘግብ ግዛቷን ሕግ አልባ ከሚባለው ከድሮው የአሜሪካ ምዕራብ ጋር አመሳሰላት። የግዛቷ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስቲ ክላርክ ከመንግሥት ደመወዛቸው ሌላ ከፓርቲያቸው በዓመት እስከ 50,000 ዶላር ይከፈላቸው ነበር፤ ፓርቲው ደግሞ ገንዘቡን የሚያገኘው ከለጋሾች ነው። ነገሩ መነጋገሪያ ሲሆን ክፍያው ቀረ። በኖቬምበር 2017 አዲሱ መንግሥት የኩባንያና የሠራተኛ ማኅበር ልገሳን አገደ። ሎቢስቶች፣ ማለትም ባለሥልጣናትን ለማግባባት የሚከፈላቸው ሰዎች፣ ከየትኛው ባለሥልጣን ጋር እንደተገናኙ በየወሩ እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድደው ሕግ ደግሞ ሥራ ላይ የዋለው በሜይ 2020 ነው። ከዚያ በፊት በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው በአመዛኙ ላናግር አስቤአለሁ የሚለው ዕቅድ ነበር። ልብ በሉ፣ ጃምቦ ሲወሰን እነዚህ ሕጎች አንዳቸውም አልነበሩም። ማን ስንት ጊዜ፣ ከማን ጋር፣ ስለምን እንደተቀመጠ ዛሬ የምንጠይቀውን ያህል ያን ጊዜ አይጠየቅም ነበር።

ፓርቲ ሲቀየር ሁሉም ይነጻል ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው። ልገሳውን ያገደው መንግሥት ራሱ በ2021 መረጃ ለመጠየቅ 10 ዶላር ክፈሉ የሚል ማሻሻያ አመጣ። አሥር ዶላር ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። አንድ ጉዳይ ለመከታተል ሠላሳ ጥያቄ ለሚጽፍ የገጠር ጋዜጠኛ ትንሽ አይደለም።

እስካሁን ያላነሳኋቸው ሰዎች አሉ። የመሬቱ የጥንት ባለቤቶች።

ክቱናካ የሚባሉት ነባር ሕዝብ ያንን አካባቢ ካትሙክ ይሉታል። በእምነታቸው የግሪዝሊ ድብ መንፈስ መኖሪያ ነው። በኖቬምበር 2010 ይህንን በይፋ አወጁ። ቋሚ ሕንፃ ተሠርቶ ሰው ከሰፈረበት መንፈሱ ትቶን ይሄዳል፣ እሱ ከሄደ ጸሎታችንና ሥርዓታችን ትርጉም ያጣል አሉ።

እኛ ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በግዕዝ ደብር ማለት ተራራ ነው። ቤተ ክርስቲያንንም ደብር ብለን እንጠራለን። ተራራውና መቅደሱ በቋንቋችን ውስጥ አንድ ቃል ሆነው ኖረዋል። ዝቋላ አናት ላይ አንድ ሰው የፈለገውን ዓይነት ቆንጆ ሆቴል ልሥራ ቢል፣ ገዳሙም ሐይቁን የሚያከብረው የአካባቢው ሕዝብም ምን እንደሚሰማው ማንም ሊያስረዳን አይገባም።

ክቱናካዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። በየደረጃው ተሸነፉ። በኖቬምበር 2017 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጨረሻውን ቃል ሰጠ። ዘጠኙም ዳኞች ይግባኙን ውድቅ አደረጉ። ሰባቱ ያሉት ይህ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው የማመንና እምነትን የመግለጽ ነፃነትን ነው፣ የሚታመንበትን ነገር ራሱን አይደለም። የቀሩት ሁለት ዳኞች የእምነት ነፃነታቸው በእርግጥ ተነክቷል፣ ነገር ግን ሚኒስትሩ ሚዛኑን በአግባቡ ጠብቀዋል አሉ። ክቱናካዎች እምነቱን በዚያ መልክ የተናገሩት ዘግይተው መሆኑም በክሱ ሂደት ተነስቶባቸዋል። በእምነታቸው ግን እንዲህ ያለው ዕውቀት በአደባባይ የሚዘረዘር አይደለም። ይሄ ያሳዝነኛል። መንግሥት የካቢኔ ምስጢሬ ሲል ሕግ ይከላከልለታል። ሕዝብ የተቀደሰ ምስጢሬ ሲል ዘገየህ ይባላል።

ስለዚህ ፕሮጀክቱ በምርጫ አልተሸነፈም፣ በፍርድ ቤትም አልተሸነፈም። ታዲያ ሪዞርቱ ለምን አልተሠራም?

ያዙልኝ ያልኳችሁ ቀን እዚህ ይመጣል። የተራዘመው ፈቃድ ኦክቶበር 12 ቀን 2014 ያበቃል። ያ ቀን ሳይደርስ ሥራው በበቂ ሁኔታ ተጀምሯል መባል አለበት። ለአሥር ዓመት ጸጥ ብሎ የኖረው ሸለቆ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ውስጥ በማሽን ተሞላ። ጫካ ተመነጠረ። ድልድይ ተጣለ። ቀኑ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው የሁለት ሕንፃዎች የኮንክሪት መሠረት ተሞላ፤ አንዱ የቀን እንግዳ ማረፊያ፣ አንዱ የአገልግሎት ሕንፃ። ተቃዋሚዎች ካሜራ ይዘው እያንዳንዱን ነገር ይመዘግቡ ነበር።

ከፈቃዱ ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ፣ ሰው የሚያርፍባቸውም ሆነ የሚነገድባቸው ሕንፃዎች በሙሉ የበረዶ ናዳ ከሚደርስበት ክልል ፈጽሞ ውጭ እንዲሆኑ ያዛል። ቅድመ ሁኔታው የታተመ ነው። ማንም ሊያነበው ይችላል። የመሠረቱም ቦታ በዓይን የሚታይ ነው። ሁለቱን ያስተያየ ሰው ጥያቄ ጠየቀ። መንግሥት መርማሪ ላከ፣ የናዳ ባለሙያ ቀጠረ። መሠረቶቹ የተሞሉት ናዳ በሚወርድበት መንገድ ላይ ሆኖ ተገኘ።

እስቲ ይህንን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ሃያ ሦስት ዓመት የተጠና ፕሮጀክት። ስንት ጥራዝ ሰነድ፣ ስንት ባለሙያ፣ ስንት ሚኒስትር። የመጀመሪያው ኮንክሪት የፈሰሰው በረዶ ተንዶ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው።

በጁን 2015 የአካባቢ ሚኒስትሯ ሜሪ ፖላክ ሥራው በበቂ ሁኔታ አልተጀመረም ብለው ወሰኑ። ፈቃዱ ተቃጠለ። አልሚው ከሰሰ። በ2018 አንድ ፍርድ ቤት የሚኒስትሯን ውሳኔ ሻረው፤ በኦገስት 2019 ይግባኝ ሰሚው መልሶ አጸናው።

ሚኒስትሯ ከዚያው ፕሮጀክቱን ከፈቀደው ፓርቲ ናቸው። ልባቸው ተቀይሮ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ የማውቀው ከፊታቸው የታተመ ቀን፣ የታተመ ቅድመ ሁኔታና የተነሳ ፎቶ መኖሩን ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች በይፋ ባይኖሩ ኖሮ "ሥራው ተጀምሯል" የሚለው ቃል ማንም ሳያውቅ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሊጻፍ ይችል ነበር። ሕዝቡ አሥር ጊዜ ስብሰባ ተጠርቶ ያላገኘውን ጉልበት ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉንና መሬቱን ማስተያየት ሲችል።

ይህ ነገር በካናዳ ብቻ የሚቀር አይደለም። ቡልጋሪያ ውስጥ የፒሪን ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ከ1983 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፓርኩ ውስጥ ባንስኮ የሚባል የበረዶ ሸርተቴ ሪዞርት ይሠራል። የበለጠ ግንባታ የሚፈቅደውን የዕቅድ ማሻሻያ መንግሥት ያጸደቀው ዲሴምበር 28 ቀን 2017 ነው። በገናና በአዲስ ዓመት መሀል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በተቀመጠበት ሳምንት። በጃንዋሪ ሰዉ በዋና ከተማዋ በሶፊያ አደባባይ ወጣ። የቀኑ ምርጫ አጋጣሚ ነው ብሎ ለማመን ይከብደኛል።

እኛም ጋ ሕጉ አለ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 92 አካባቢን የሚመለከት ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም የሚመለከተው ሕዝብ የመመከር መብት አለው ይላል። በእኛ አቆጣጠር በ1995 የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የጥናቱ ዘገባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። በዚሁ በእኛ አቆጣጠር በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል፤ እሱም የካቢኔ ሰነድንና የሦስተኛ ወገን የንግድ መረጃን ያስቀራል። ተራራ ላይና ሐይቅ ዳር ሎጅና ሪዞርት በሚበዛበት በአሁኑ ጊዜ፣ የተፅዕኖ ጥናቱን ወረቀት በእጁ ይዞ ያየ የአካባቢ ነዋሪ ስንት እንደሆነ እያንዳንዳችን በምናውቀው ቦታ ልንጠይቅ እንችላለን። ቅድመ ሁኔታዎቹስ? ቀኑ መቼ ያበቃል? ማን ይፈትሻል? ለመጠየቅ ደግሞ ተቃዋሚ መሆን አያስፈልግም። ሪዞርቱ እንዲሠራ የሚፈልግ ሰውም ይጠይቃል፤ ናዳ መንገድ ላይ እንዳይሠራበት።

በጃንዋሪ 2020 የክቱናካ ሕዝብ፣ የግዛቷና የፌዴራል መንግሥት ጃምቦ ላይ ሪዞርት እንደማይሠራ በጋራ አስታወቁ። ቦታው በክቱናካዎች የሚመራ ጥብቅ አካባቢ እንዲሆን ተስማሙ። የልማት መብቶቹን ለመዝጋትና ጥበቃውን ለመጀመር ከፌዴራል መንግሥት 16.1 ሚሊዮን፣ ከበጎ አድራጊ ድርጅቶችና ከሌሎች ደግሞ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገኘ። የሕዝብ የነበረ መሬት ላይ የተሰጠ መብት እንዲዘጋ የሕዝብ ገንዘብ ወጣ ማለት ነው።

ማዘጋጃ ቤቷ በሕግ የፈረሰችው በ2021 ነው። ዕቃውን ጭኖ የወጣ ነዋሪ አልነበረም። ድቦቹ ግን ዛሬም ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው በዚያው ይሻገራሉ።